ጉም የሌለው ጎራዴ

«ስሙን ጻፍ ነው ያልኩህ! አንድ ስም ብትጽፍ እጅህ ይቆረጣል?»

ቺዙሩ ጮክ ብላ ስለተናገረች በዮሺኢ ወንዝ ዳር መንጠቆ ጥለው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ዘወር ብለው አዩዋት። ግድም አልሰጣት። ኢሳኦ እንደ ልማዱ አቀርቅሮ የጫማውን ጫፍ ያያል።

«እሺ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ» አለች ትዕግሥቷ እያለቀ። «ነገ አባቴ ጎራዴዎቹን ይደረድራል። እጀታቸው ወልቆ፣ የአንጥረኛው ስም የሚቀረጽበት ጅራታቸው በጨርቅ ተሸፍኖ። እንግዶቹ ብረቱን ብቻ አይተው ማን እንደሠራው በወረቀት ይጽፋሉ። ሌሎቹን እንደፈለግህ ፍረድ። የመጨረሻው ግን የእኛ ቤት ጎራዴ ነው። እሱን አገር ያውቀዋል! ‹ኦሳፉኔ› ብለህ፣ የታላቁን አንጥረኛ ስም ጽፈህ፣ አጥፈህ ትሰጠዋለህ። አባቴ ‹ልክ ነው› ይልሃል፤ ፊቱ ይፈታል። ሻይ አቀርባለሁ። ያኔ ስለ እኛ ትነግረዋለህ። በቃ! ይኸው ነው!»

«አይቼ እጽፋለሁ» አለ ኢሳኦ።

«ምኑን?»

«የማየውን።»

ቺዙሩ ወደ ወንዙ ዞረች። ከዚህ ሰው ጋር መነጋገር ከድንጋይ ጋር እንደ መከራከር ነው፤ ድንጋይስ ቢያንስ እሺ ብሎ ይንከባለላል።

እስከዚህ ድረስ እንኳ የደረሱት በስንት ልመና ነው። ኢሳኦ ናምባ በኦካያማ ከተማ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ልጅ ነው፤ እሱም በአባቱ ሱቅ ይሠራል። የቺዙሩ አባት ታዳሃሩ ኩኒቶሚ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ለመስፍን ጎራዴ ታጥቆ ያደረ ቤት አለቃ ነው። አሁን መስፍንም የለ፣ ሎሌም የለ፤ ግን ቤቱ አለ፣ ስሙ አለ፣ ጎራዴው አለ። ታዳሃሩ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ሲያይ ደሙ ይፈላል። ጦርነቱ ባበቃ ሰሞን፣ ሕዝቡ በተራበ ጊዜ፣ የጨዋ ቤት ቅርስ በእፍኝ ሩዝ የገዙ እነሱ ናቸው ይላል። «ጥንብ አንሣ ሬሳ ላይ ነው የሚያርፈው፤ እነዚህ ግን ነፍስ ሳይወጣ ነው የሚጀምሩት!» ይል ነበር። ልጁ የወደደችው እንዲህ ያለውን ሰው ልጅ መሆኑን የሰማ ቀን ምሳውን ሳይበላ ተነሣ።

የተዋወቁት በጎራዴ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። ሁለቱም አንዱን መስታወት ከግራና ከቀኝ ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ግንባራቸው መስታወቱን ገጨውና ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ኢሳኦ እስከ ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ» ይላል ብላ ስትጠብቅ «በዚህ በኩል ይሻላል፤ ብርሃኑ ይገባል» አላት። በዚያች ዓረፍተ ነገር ሴት ልጅ ልቧ ይሄዳል ብሎ ማን ይገምታል? የእሷ ግን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መጣ። መጀመሪያ የመጣላት ቀን በሩን ዘግታ፣ ልቧ እየመታ ከፈተችው። ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ጹባ ይተርካል፤ እጅ ወደ ስለቱ እንዳይንሸራተት በእጀታውና በስለቱ መካከል ስለሚገባው ክብ ብረት መሆኑ ነው። ብረቱ ምን እንደሚመስል፣ ዝገቱ ምን ያህል እንደ ጠቆረ፣ ጠርዙ ላይ ያሉት ጉብታዎች በጣት ሲዳሰሱ እንዴት እንደሆኑ። መጨረሻው ላይ በትንንሽ ፊደል፣ «ሰሞኑን ይበርዳል፤ ሹራብ ልበሽ» ይላል። ሌላው ደብዳቤም እንደዚያው። ቺዙሩ ያን «ሹራብ ልበሽ» የሚለውን መስመር ብቻ ስንት ጊዜ እንዳነበበችው እሷ ነች የምታውቀው። ግን እስከ መቼ? ሰው በሹራብ ብቻ ይኖራል?

«ኢሳኦ» አለች አሁን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ስለ እኔ ብለህ።»

ኢሳኦ ቀና ብሎ አያት። ከእርሻው ነፋስ ያመጣው የሩዝ ገለባ እጅጌዋ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ እጁን ዘርግቶ ቀስ ብሎ አነሣላት። አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ጠበቀች። ሽማግሌዎቹም የጠበቁ መሰላት።

«አባትሽ ምን ዓይነት መብራት ነው የሚጠቀሙት?» አለ።

ያን ዕለት እየተናደደች፣ እየሳቀች፣ እንደገና እየተናደደች ቤቷ ገባች።

በማግስቱ እንግዶቹ በሰዓታቸው ተሰበሰቡ፤ የጥርስ ሐኪሙ ኮዳማ፣ የቤተ መቅደሱ አለቃና ሳኬ የሚባለው የሩዝ መጠጥ ጠማቂ። በየመኸሩ የሚመጡ የታዳሃሩ ወዳጆች ናቸው። አያቷ ኡሜ በጥግ፣ በትራሷ ላይ፣ ቀይ አደንጓሬ በሰፌድ ይዛ ትለቅማለች። ጎራዴ ለማየት የማትመጣበት ዓመት የለም፤ ግን ጎራዴውን አይታው አታውቅም፤ የምታየው ሰዎቹን ነው።

ኢሳኦ አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ሸሚዙ አንገቱን እንዳነቀው ያስታውቃል። ታዳሃሩ አንዴ ገልመጥ አደረገውና፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ናምባ» አለው። የሚያከብር መስሎ የሚያርቅ አነጋገር ነው፤ ቺዙሩ አባቷን ታውቀዋለች።

ማየቱ ተጀመረ። በዚህ ጊዜ ማንም አያወራም፤ ትንፋሽ ብረቱን ያበላሸዋል። እያንዳንዱ በተራው ይጎነበሳል፣ ጎራዴውን በሁለት እጁ ያነሣል፣ ወደ መብራቱ ያዘነብለዋል፣ ያያል፣ ይመልሳል፣ ይጽፋል። ወረቀቱ ለዳኛው ለታዳሃሩ ይሰጣል። ዳኛው ገልጦ፣ ወይ «ልክ ነው»፣ ወይ «አገሩን አግኝተሃል»፣ ወይ «አይደለም» ይላል። ሌላ አይጨምርም፤ የተጻፈውን ከዳኛውና ከጻፈው በስተቀር ማንም አያውቅም።

ኢሳኦ በመጀመሪያው ጎራዴ «ልክ ነው» ተባለ። በሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ኮዳማ ራሱ ሲሳሳት ኢሳኦ «ልክ ነው» ተባለ። የታዳሃሩ ቅንድብ ከፍ አለች። ቺዙሩ ከተንሸራታቹ በር አጠገብ፣ የሻይ ዕቃ ታቅፋ፣ ከአባቷ ዓይን ውስጥ በጭራሽ ያልጠበቀችውን ነገር አየች፤ ደስታ ነበር። ሰውየው ለካ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ የሚያይ ሰው አጥቶ ኖሯል! «አምላኬ» አለች በልቧ። «አንዲት ብቻ ቀረች። አንዲት!»

የኩኒቶሚ ቤት ጎራዴ ቀረበ፤ የወለቁት እጀታው፣ አፎቱና ጹባው አጠገቡ በትሪ ላይ ናቸው። ጅራቱ ላይ ስም የለውም፤ በድሮ ዘመን ሲያሳጥሩት ስሙ አብሮ ተቆርጧል ነው የሚባለው። የሚታወቀው በብረቱ ብቻ ነው። ኮዳማና ሌሎቹ እንደ ዓመት በዓል ስጦታ በፈገግታ አነሱት፣ ለአፍታ አዩት፣ ጻፉ። «ልክ ነው። ልክ ነው። ልክ ነው» አለ ታዳሃሩ።

ኢሳኦ ጎንበስ ብሎ አነሣው። ወደ መብራቱ አዘነበለው። ቆየ። ገለበጠው። እንደገና ቆየ። ቺዙሩ የትከሻውን አነጋገር ከደብዳቤው ይልቅ አጥርታ ታነባለች፤ ትከሻው ቀስ እያለ ሲወርድ አየች። «አታድርገው» አለች በልቧ። «እባክህ፣ አታድርገው።»

ጻፈ። አጠፈ። ሰጠ።

ታዳሃሩ ገለጠው። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ኡሜ አደንጓሬ ስትለቅም ብቻ ሆነ።

«አይደለም» አለ ታዳሃሩ።

እስከ ሦስት ጊዜ መጻፍ ደንቡ ነውና ሌላ ወረቀት ተሰጠው። ኢሳኦ ጎራዴውን ዳግመኛ ሳያይ ጻፈ።

«አይደለም!»

ኮዳማ ጎንበስ ብሎ፣ «ወጣቱ፣ አትቸኩል፤ ይህ እኮ የቤቱ ጎራዴ ነው» ብሎ አንሾካሾከ። ክፍሉ ሁሉ ሰማው። ኢሳኦም ሰማው። ሦስተኛውን ወረቀት ወስዶ፣ ላብ በጆሮ ግንዱ እየወረደ፣ ያንኑ ጻፈ።

ታዳሃሩ ወረቀቱን በመዳፉ ጨመደደው። «ጮክ ብለው ያንብቡት፣ አቶ ናምባ። እንግዶቼ ይስሙ።»

«ወረቀቱ ለዳኛው ብቻ ነው» አለ ኢሳኦ በዝቅተኛ ድምፅ። «እንዲሰማ ብዬ አልጻፍኩትም።»

«ገባኝ! የአባትዎ ሱቅ ያስተማረዎት ይህን ነው። መጀመሪያ ዕቃውን ማርከስ፣ ከዚያ በርካሽ መግዛት!»

«ልገዛ አልመጣሁም።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

የልመናው በር ተከፈተ! አባቷ በገዛ እጁ ከፈተለት! በሕይወቷ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ተጠይቆ አያውቅም። ‹ልጅዎን ልለምን ነው የመጣሁት› ማለት ብቻ ነው። ኢሳኦ ወደ እሷ ተመለከተ፤ ዓይኖቹ ውስጥ ሁሉም ነገር ነበረ፣ አንድም ሳይጎድል። ከንፈሩ ተከፈተ።

«ጹባው... በጣም ጥሩ ነው» አለ።

የቤተ መቅደሱ አለቃ ሳቁን በሳል ዋጠው። ቺዙሩ የታቀፈቻቸው ጽዋዎች ተንኳኩ። እንዲህ ያለ ውርደት፣ እንዲህ ያለ ፍቅርና እንዲህ ያለ ሰውን በቡጢ የመምታት ፍላጎት በአንድ ጊዜ ልብ ውስጥ እንደሚገባ አታውቅም ነበር።

«ይውጡልኝ» አለ ታዳሃሩ።

ቺዙሩ በር ላይ ደረሰችበት።

«‹ምን ልታደርግ መጣህ› ሲልህ ስለ ጹባ! ስለ ጹባ ኢሳኦ! እኔ ከኋላህ ቆሜ!»

«ጉም የለውም» አለ ኢሳኦ።

«ምን?»

«የኦሳፉኔ ብረት ሲያዘነብሉት ከላዩ እንደ ጠዋት ጉም ያለ ጥላ ይታይበታል። ይኼኛው የለውም። ሌላ አገር፣ ብዙ ቆይቶ የተሠራ ነው። ምናልባት ሴኪ። ክፉ ጎራዴ አይደለም። ግን እሱ አይደለም፣ ቺዙሩ።»

«ባይሆንስ? ባይሆንስ! ማን ይሞታል? ሽማግሌዎች ናቸው፤ ተደስተው ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። አንድ ቀን እንኳ ለእኔ ስትል መዋሸት አቃተህ?»

«አንቺን በውሸት ላግባሽ? ከዚያ በኋላ በየዓመቱ እዚያ ክፍል ተቀምጬ፣ ያንን እየጻፍኩ፣ አንቺ እያየሽኝ?» ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «አንድ ቀን ሌላውን ነገር ስነግርሽ ‹ይኼም እንደ ጎራዴው ነው?› ብትዪኝስ?»

«የትኛውን ሌላ ነገር?»

ኢሳኦ የጫማውን ጫፍ አየ።

«የትኛውን ነው እኮ የምልህ! ነግረኸኝ ታውቃለህ? ስለ ዝገት ነግረኸኛል። ስለ ወርቅ ቅብ ነግረኸኛል። ስለ ሹራብ ነግረኸኛል!»

ኢሳኦ ሸሚዙ አንገቱን ያነቀው ይመስል እጁን ወደ ኮሌታው ሰደደ።

«ሂድ» አለች። «ባቡርህ ያመልጥሃል።»

ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ። እሷ መዞሩን ስትጠብቅ፣ የመንገዱ መታጠፊያ ሊደርስ ሲል እንኳ አልዞረም። በሩን ዘጋች። ኢሳኦ ግን መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ዞሮ ነበር፤ ያየው የተዘጋውን በር ነው። ሁለቱም በየፊናቸው፣ «በቃ፣ አልቋል» አሉ።

እንግዶቹ በጊዜ ተሰናብተው ሄዱ። ቺዙሩ ወደ ክፍሉ ተመለሰችና የጎራዴው እጀታ፣ አፎትና ጹባ ወደተቀመጡበት ትሪ ሄደች። አባቷ ሁልጊዜ ራሱ ነው የሚያወልቀውና የሚገጥመው፤ ማንንም አያስነካም። ዛሬ ግን በንዴት ትቶት ወጥቷል። እሷ ደግሞ ያን ደረቅ ሰው ስህተተኛ ለማድረግ አንድ ማስረጃ ፈለገች። አንድ ብቻ!

ጹባውን አነሣች። ጥቁር ብረት ላይ የሚበሩ ዝይዎች ተፈልፍለዋል። በእውነት ውብ ነው፤ ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ከዚያ የጎራዴው ጅራት የሚያልፍበትን ቀዳዳ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከላይና ከታች መዳብ ተጠቅጥቆበታል። ጹባ ከአንድ ጎራዴ ወጥቶ ሌላ ጎራዴ ላይ ሲገባ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ እንዳይንቀሳቀስ እንዲህ በመዳብ ይሞላል። ይህን ያስተማራት ራሱ ኢሳኦ ነው፣ በደብዳቤ፣ በሁለት ገጽ። ብረቱ የዘመናት ጥቁረት አለው። መዳቡ ግን ገና ቀይ ነው፤ ከእሷ ዕድሜ እምብዛም አይበልጥም።

አፎቱን አንሥታ ጎራዴውን ከተተችው። ውስጡ ተንገጫገጨ። አፎቱም ጹባውም የጎራዴ ልብስ ናቸው፤ ይህ ግን የሌላ ጎራዴ ልብስ ነው።

«ልክ ነው!» አለች ብቻዋን፣ እንባዋ እየመጣ። «ይኼ ሰውዬ ልክ ነው! ልክ ሲሆን እንኳ እንዴት ያበሽቃል!»

«አየሽው?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

አያቷ ኡሜ አደንጓሬዋን ይዛ ከጥጓ አልተንቀሳቀሰችም ነበር። ቺዙሩ አላየቻትም።

«ስንት ዘመን ጠበቅሁ» አለች አሮጊቷ። «የጥርስ ሐኪም አለ፣ መነኩሴ አለ፣ ጠማቂ አለ። ሁሉም ‹ልክ ነው›። አንድ ሰው ዓይን የለውም? ዛሬ ያ አንገቱን የታነቀው ልጅ መጣ። ወድጄዋለሁ።»

«አያቴ... እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እውነተኛውን የሸጥኩት እኔ ነኝ፤ እንዴት አላውቅም? ላይኛው መንደር ላለ ገበሬ ሰጠሁት። አንድ ጋሪ ሩዝና ስኳር ድንች ሰጠኝ፤ እንቁላል የምትጥል ዶሮም ጨመረልኝ። ጥሩ ዶሮ ነበረች።» ኡሜ ከሰፌዱ ላይ ጠጠር ለቅማ ጣለች። «ይኼኛው ጎተራ ውስጥ ተጥሎ የኖረ ነው፤ የአንድ ተራ ወታደር ይሆናል። ቁመቱ ስለ ገጠመ ልብሱን አለበስኩት።»

«ያን የመሰለ ጎራዴ በዶሮ!»

«ታዲያ ጎራዴ ይበላል?» ኡሜ ተቆጣች። «አባትሽ ከደቡብ ባሕር ወባ ተሸክሞ ተመልሶ፣ አጥንቱ እየተቆጠረ ተኝቷል። እናትሽ አንቺን አርግዛ ከንፈሯ ነጥቷል። ጎራዴ ሰቅዬ ሬሳ ላውጣ? በላችሁት! አባትሽ በላው፣ እናትሽ በላችው፣ አንቺም በሆዷ ሆነሽ በላሽው። ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪው። ኩራቱን ከወሰድሽበት ሌላ ምን አለው?»

«ነግረዋል፣ እናቴ» አለ ታዳሃሩ።

በሩ ላይ ቆሟል። መቼ እንደ መጣ አላዩም። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም፤ ቺዙሩን ያስፈራት እሱ ነው።

«ጎራዴው እንደ ተለወጠ አውቃለሁ» አለ። «ከመኝታ የተነሣሁ ሰሞን መዘዝኩት፤ ጉም አልነበረበትም። አባቴ በልጅነቴ ያሳየኝ ጉም። ያኔውኑ አወቅሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

ታዳሃሩ አፎቱ ውስጥ የገባውን ጎራዴ አየ። «ኖቡ... የሸጠው መስሎኝ ነው።»

ኖቡ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ቺዙሩ አጎት እንዳላት የምታውቀው ከአንድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ በዚህ ቤት ስሙ አይነሣም።

«በዚያን ጊዜ ጥቁር ገበያ ይመላለስ ነበር» አለ ታዳሃሩ፣ ቃላቱን እንደ እሾህ እየነቀለ። «ማታ ማታ ይጠጣ ነበር። ጎራዴውን ሸጦ የጠጣበት መሰለኝ። ‹ከዚህ ቤት ውጣ› አልኩት። ‹ምን አድርጌ?› አለኝ። ‹ታውቀዋለህ› አልኩት። ለእርስዎ ደግሞ... ልጅዎ ሌባ ነው ብዬ ልንገርዎት? ዝም አልኩ። በየዓመቱ ያን ጎራዴ እያወጣሁ ‹ልክ ነው› ያልኩት እርስዎ እንዳይሰሙ ነው።»

ሰፌዱ ከኡሜ ጭን ተንሸራቶ አደንጓሬው ወለሉ ላይ ተበተነ።

«እኔ እኮ» አለች አሮጊቷ፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ፣ «በኋላ ባገባት በዚያች የመጠጥ ቤት ሴት ምክንያት ያባረርከው መስሎኝ ነው። ኖቡም እንደዚያው ነበር የመሰለው። ኮቤ ሄዶ እስኪሞት ድረስ ‹ወንድሜ ሚስቴን ናቀብኝ› ሲል ኖረ።» በእጆቿ ወለሉን ተደግፋ ወደ ልጇ ተሳበች። «ጥቁር ገበያ የሚመላለሰው ለአንተ ነበር! ለወባህ ኪኒን ፍለጋ ነበር የሚሄደው፣ አንተ ሞኝ! አንተ ሞኝ!»

በትንሽ ቡጢዋ ጉልበቱን መታችው። ደጋግማ መታችው። ታዳሃሩ አልተከላከለም፤ ቀስ ብሎ ተንበርክኮ ራሱን አቀረበላት። ያኔ ቡጢዋ ተከፈተና ጭንቅላቱን አቅፋ ጮኸች።

ቺዙሩ የተበተነውን አደንጓሬ መልቀም ጀመረች፤ ሌላ ምን እንደምታደርግ አላወቀችም። እናቱ ለልጇ ብላ ዝም አለች። ልጁ ለእናቱ ብሎ ዝም አለ። ሁለቱም በፍቅር። በመካከላቸው አንድ ሰው በሰው አገር ሞተ። አደንጓሬው በእንባዋ አልታይ ሲላት ተነሥታ፣ ጫማዋን በቅጡ ሳታጠልቅ ወጥታ ሮጠች።

ባቡሩ ሄዷል። ከሩቅ የፉጨቱ ድምፅ ይሰማል። ቺዙሩ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ኢሳኦን አየችው። አዲሱን ኮቱን ጭኑ ላይ አጣጥፎ፣ የሸሚዙን ኮሌታ ፈትቶ ተቀምጧል።

«ለምን አልተሳፈርክም?» አለችው እየተነፈሰች።

«እግሬ እምቢ አለኝ።»

«እግርህ እንኳ ከአፍህ ይሻላል!» አለችና አጠገቡ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ገበሬው፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ አጎቷ። ኢሳኦ አላቋረጣትም። ስትጨርስ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ይህን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አይደለህም። ዝምታ ነው ያመጣው።» ዞራ አየችው። «ስማኝ። ያ ቤት የሚዋደዱ ሰዎች ቤት ነው። አንዱ ለሌላው ነፍሱን ይሰጣል፤ ቃል ግን አይሰጥም። እኔ ደከመኝ፣ ኢሳኦ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ቤት አልገባም። በልብህ ያለውን አውቃለሁ፤ ማወቁን አውቃለሁ! አባቴም እናቱን የሚያውቅ ይመስለው ነበር። ወይ ተናገረው፣ ወይ በሚቀጥለው ባቡር ሂድ።»

ኢሳኦ ኮቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ እንደገና አጠፈ። ቺዙሩ ኮቱን ነጥቃ ባቡር ሐዲዱ ላይ ልትወረውረው ምንም አልቀራት።

«እወድሻለሁ» አለ።

በጣም ዝቅ ብሎ ስለወጣ የሰማችው አልመሰላትም።

«እወድሻለሁ» አለ ድጋሚ፣ ከፍ አድርጎ፤ ትኬት ሻጩ በመስኮቱ ብቅ አለ። «መስታወቱን ከገጨሁበት ቀን ጀምሮ። ብረት ብሳሳትበት ‹አይደለም› ይሉኛል፣ እንደገና አያለሁ። አንቺ ‹አይደለም› ብትዪኝ ግን የት እሄዳለሁ? ስለዚህ ስለ ጹባ እጽፍልሻለሁ። እየጻፍኩ ‹ምናልባት ይገባት ይሆናል› እላለሁ። ሞኝ ነኝ። ፈሪ ነኝ። እወድሻለሁ፤ አባትሽ ቢያባርሩኝም እወድሻለሁ።»

ቺዙሩ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። «ይህን ለማለት!» አለች በልቅሶዋ መካከል። «ይህችን ለማለት ይህን ሁሉ ዘመን!» ትከሻውን መታችው፤ ከመታችው በኋላ እጇን አላነሣችም።

እንዲህ እንዳሉ ታዳሃሩ ብስክሌት እየገፋ መጣ። ጎማው ተንፍሶ ነው መሰል ሳይቀመጥበት ነው የመጣው። ኢሳኦ ብድግ አለ። ቺዙሩም ተነሣች፤ እጇን ግን ከእጁ አላወጣችም።

ታዳሃሩ የተያያዙትን እጆች አየ። ዓይኑን ወደ ሐዲዱ መለሰ።

«ስለ ጋብቻ ዛሬ እንዳታነሡብኝ» አለ። «ዛሬ አልችልም።»

«እሺ» አሉ ሁለቱም።

ብስክሌቱን ምሰሶ ላይ አስደገፈና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባንድ ቀን ያረጀ ይመስላል። ፊቱን ሳያዞር፣ «እሑድ ኮቤ ልሄድ ነው» አለ። «መቃብሩን አላውቀውም። እናቴ ታውቀዋለች፤ ቀብሩ ላይ ብቻዋን ነው የሄደችው። እኔ አልሄድኩም። ቺዙሩም ትምጣ። አንተም... ና። ያየኸውን የምትናገር ሰው አንድ እንኳ አብሮን ይኑር።»

‹አንተ› አለው። ቺዙሩ ሰማችው፤ ኢሳኦም ሰማው።

«እመጣለሁ» አለ ኢሳኦ። ከዚያ በትሕትና፣ «ይዘንላቸው የምንሄደው ምን ቢሆን ይሻላል? ምን ይወዱ ነበር?» ሲል ጠየቀ።

ታዳሃሩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። የወንድሙን ፊት አየው። በወንዙ ዳር አብረው ሲሮጡ አየው። የሚወደውን ምግብ ፈለገ፤ የሚወደውን ፍሬ፣ የሚወደውን አበባ። አንድም አልመጣለትም። ልጁ አልቅሶ አይታው የማታውቀው ሰው፣ በጣቢያው አግዳሚ ላይ፣ ሰው እያየው አለቀሰ።

ቺዙሩ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ይዛው አታውቅም ነበር። ሻካራ ነው፣ ሞቃት ነው፤ ይህን ያህል ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ፣ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር።